መርካቶ ለመንገድ ሰጥቶ ለዛፍ ለምን ነፈገ?

«የቦርድ አባል ሆኛለሁ» ብዬ ለአንዲት የሰፈራችን እናት ብነግራቸው «ውይ ልጄ! ምነው፣ ምን አገኘህ?» ብለው ደነገጡ። አልፈርድባቸውም። ለእሳቸው ትውልድ «ቦርድ» ማለት ሐኪሞች ተሰብስበው «ይህ ሰው ከእንግዲህ ለሥራ አይሆንም» ብለው የሚፈርሙበት ወረቀት ነው። ከጦር ሜዳ በቦርድ ተሰናብቶ የመጣ ስንት ወታደር ያውቃሉ! መርካቶ ውስጥ ሞባይል ለሚጠግን አንድ ወጣት ይህንኑ ብነግረው ደግሞ «የምን ቦርድ ጋሼ? የቴሌቪዥን?» አለኝ።

እኔ የምለው ቦርድ ሌላ ነው። ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ የሚሠራ አንድ አነስተኛ አገር በቀል ማኅበር አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ። እዚያ ውስጥ ያለ ደመወዝ፣ ያለ አበል ከሚያገለግሉት ሰባት ሰዎች አንዱ ነኝ። አንድ ጡረታ የወጡ የደን ባለሙያ፣ አንድ ጠበቃ፣ ሁለት መምህራን፣ ሁለት የመርካቶ ነጋዴዎችና እኔ። የምንሰበሰበው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከራጉኤል ብዙም በማይርቅ አንድ መጋዘን ላይ በተሠራች ቆጥ መሳይ ክፍል ውስጥ ነው። ቤቱ የሐጂ ነው። ሐጂ የቦርዳችን አንጋፋ አባል፣ በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ከሊስትሮ ተነሥተው ጅምላ ንግድ የደረሱ ሰው ናቸው።

አንድ ጊዜ የውጭው ለጋሽ «ፕሮጀክቱ አልቋል» ብሎ ሄደና የችግኝ ጣቢያችን ዘበኛ ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ቀረ። «እንግዲያውስ መርካቶን እንለምን» ተባለ። ደብዳቤ ጻፍን፣ ማኅተም መታን፣ ከሱቅ ሱቅ ዞርን። በሁለት ቀን ያገኘነው ገንዘብ የሰውየውን የአንድ ወር ደመወዝ እንኳ አልሞላም። በዚያው ሳምንት፣ በዚያው መስመር ላይ ያሉ ነጋዴዎች ለትውልድ ቀያቸው ትምህርት ቤት ቆርቆሮ ማልበሻ ብለው በአንድ ከሰዓት በኋላ ያዋጡትን ስሰማ ግን ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ይኼንኑ በስብሰባ ላይ በቁጭት ባነሣ፣ ሐጂ መቁጠሪያቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ መርካቶ ንፉግ አይደለም። ያን ሁሉ መንገድ ማን ሠራው? እናንተ ግን ‹ዛፍ፣ ዛፍ› ትላላችሁ። ዛፉ የማን ነው?»

ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ወደ ታሪኩ መመለስ ግድ ሆነብኝ።

መርካቶ ራሱ እኮ የተፈናቃዮች ልጅ ነው። የአዲስ አበባ ዋና ገበያ የነበረው አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጣሊያን ጦር ከተማይቱን በቆዳ ቀለም ለመክፈል ዕቅድ ነደፈ፤ አራዳን «ፒያሳ» ብሎ ለነጭ ሲያስቀር፣ ሐበሻውንና ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፋው። «የአገሬው ገበያ» ለማለት በቋንቋቸው የሰጡት ስም አጥሮ «መርካቶ» ሆኖ ቀረ። ሰፈሩም «አዲስ ከተማ» ተባለ። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ተባሮ ሲወጣ ገበያው ወደ አራዳ አልተመለሰም። ሊያዋርደን ብሎ የሰጠንን ቦታ የአገሪቱ የንግድ ልብ አድርገነው አረፍነው!

ወደዚህ ገበያ ከየአቅጣጫው የመጣው ሰው፣ በተለይ የጉራጌና የስልጤ ወጣት፣ ዘመድ የለውም፣ ርስት የለውም። ቢሞት ማን ይቀብረዋል? እድር መቼና የት ተጀመረ በሚለው ላይ አጥኚዎች ዛሬም ይከራከራሉ፤ በጣሊያን ዘመንና ከዚያ በኋላ በከተማው ውስጥ እንደ አሸን መፍላቱን ግን ብዙዎቹ ይቀበሉታል። እስቲ የእድርን አወቃቀር ልብ በሉ፦ ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ተቆጣጣሪ አለው፣ መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ጡሩምባ ነፊ አለው። ከጡሩምባ ነፊው በቀር ያለ ደመወዝ ነው የሚሠሩት። ታዲያ ይኼ ቦርድ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? አንዳንድ የተማሩ ወዳጆቼ «በጎ ፈቃደኛ የሥራ አመራር» የሚባለው ነገር ከፈረንጅ የመጣ ይመስላቸዋል። ሥልጠናው ከፈረንጅ መጥቶ ይሆናል፤ ሥራው ግን መርካቶ ውስጥ ድንኳንና ብረት ድስት ሲቆጥር ኖሯል።

ከእድሩ ላይ መንገዱ በቀለ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቋሙ። ሶዶዎቹም በበኩላቸው ከዓለም ገና በቡታጅራ አድርጎ ወላይታ ሶዶ ለሚደርሰው መንገድ የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። በመሪነት የተቀመጡት የጦር መኮንኖች፣ ባላባቶችና ነጋዴዎች ናቸው፤ በጉራጌው ድርጅት የጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ ስም ይነሣል። ገንዘቡ ግን በአብዛኛው የወጣው ከሱቅ መሳቢያ ነው። ሊስትሮው አቅሙን፣ ባለ ሱቁ አቅሙን፣ አስመጪው አቅሙን ሰጠ፤ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም ከመንግሥት በኩል ድርሻውን ጨመረ። ከወልቂጤ በእምድብር አድርጎ ወደ ሆሳዕና የሚዘልቀው መንገድ የዚህ መዋጮ ልጅ ነው። የአዲስ አበባ ምሁራን ስለ «ልማት» ገና ወረቀት ሲያቀርቡ መርካቶ ድልድይ ያሠራ ነበር።

ለምን ሰጡ? «ጉራጌ ሥራ ወዳድ ስለሆነ» የሚለው የተለመደ መልስ ለእኔ መልስ አይደለም። ውዳሴ እንጂ ማብራሪያ አይሆንም። እንደሚመስለኝ በዚያ መንገድ ማዶ የእያንዳንዱ ሰጪ እናት ተቀምጣ ነበር። ለመስቀል ወይም ለአረፋ አገር ቤት ሲገባ በቅሎ ፍለጋ የተንከራተተው ራሱ ነው፤ ቡናውና ቆጮው በጭቃ ምክንያት ገበያ ሳይደርስ የቀረበት ራሱ ነው። ደግሞም ያልሰጠ ሰው ይታወቃል። መዝገቡ በየእድሩና በየሰንበቴው ይነበባል፤ «እገሌስ?» ይባላል። ሰብሳቢው ከሁሉ አስቀድሞ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ስላስቀመጠ «አንተ ምን ሰጠህ?» ብሎ ለመጠየቅ ድፍረት አለው። የእኛ ቦርድ ደብዳቤ ይዞ ሲዞር ይኼ ሁሉ አልነበረውም፤ ማኅተም ብቻ ነበረው።

ሕጉም በዚያው ዘመን ነው የመጣው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ማኅበርን ሲተረጉም፣ ትርፍ ለማግኘት ወይም ትርፍ ለመከፋፈል ላልሆነ ዓላማ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች የሚያቋቁሙት ስብስብ ነው ይላል። በፈረንጆቹ 1966 ደግሞ ማኅበራት ሁሉ እንዲመዘገቡ የሚያዝ ደንብ ወጣ። የመመዝገቡ ጉዳይ የወረቀት ሥራ ብቻ አልነበረም። የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ተመሥርቶ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ አሠራለሁ ብሎ በተነሣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መንግሥት ፈራው፤ ማኅበሩ ታገደ፣ እንደ ጄኔራል ታደሰ ብሩ ያሉ መሪዎቹም ታሰሩ። ያለ ደመወዝ ማገልገል ያለ ዋጋ ማገልገል እንዳልሆነ ያን ጊዜም የታወቀ ነበር።

በዚያው በፈረንጆቹ 1966 ነው እንግዲህ በአገራችን በተፈጥሮ ጥበቃ አንጋፋ የሆነው ማኅበር፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የምንለው፣ የተወለደው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአባልነቱ የውጭ ዜጎችና የተማሩ ኢትዮጵያውያን የሚበዙበት፣ ወፍና አበባ ለማየት ከከተማ የሚወጣ፣ ንግግር የሚያዘጋጅ ስብስብ ነበር። «ዋልያ» የተባለ መጽሔት አሳተመ፤ ለተማሪዎች ደግሞ «አጋዘን»ን። አንዳንድ ሰዎች «የቦዘኔ ፈረንጆች ክበብ» እያሉ ሲያጣጥሉት እሰማለሁ። ነውር ነው! በፈረንጆቹ 1996 ይኸው ማኅበር በመላ አገሪቱ ለአእዋፍ ወሳኝ የሆኑ 69 ቦታዎችን ለይቶ በመጽሐፍ አወጣ። ያን ዝርዝር የሠራው በበጎ ፈቃድ የተመሠረተ ማኅበር ነው፤ ብዙ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ያልሠራውን።

ሆኖም ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን፣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ሁለት ዓይነት ማኅበር። አንደኛው መርካቶ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰው ያዋጣበታል፤ ሁለተኛው ዕውቀት ሞልቶታል፣ መርካቶ ግን ስሙንም አልሰማ። ስለ መንገድ የሚያወራው በጉራግኛና በአማርኛ ሲያወራ፣ ስለ ወፍ የሚያወራው በእንግሊዝኛ ይጽፍ ነበር። ሁለቱ ቢገናኙ ኖሮ የሚለውን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ደርግ ዛፍ አላስተከለም ማለት ውሸት ነው፤ በተለይ ከ1977ቱ ረኃብ በኋላ በእህል ክፍያ፣ በገበሬ ማኅበር ትእዛዝ፣ በዘመቻ ተራራው ሁሉ ተተከለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅስ? በብዙ ቦታ ያ የተተከለ ዛፍ በቀናት ውስጥ ተጨፈጨፈ። ብሔራዊ ፓርኮችም አልቀሩላቸውም፤ የአዋሽና የስሜን ፓርኮች ቤቶችና ዕቃዎች ተዘረፉ። «ሕዝቡ ስላልነቃ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ግን የሐጂን ጥያቄ ነው የምሰማው። ዛፉ የመንግሥት ነበር፤ መንግሥት ሲሄድ ባለቤቱ ሄደ። በአንጻሩ ጎንደርና ጎጃም ውስጥ በተራቆተ ሜዳ መሀል እንደ ደሴት የቀሩትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ተመልከቱ። ጥዱም ወይራውም ባለቤት አለው፤ ደብሩ አለ፣ ቄሱ አለ፣ መቃብሩ አለ። አያቱ የተቀበረበትን ጥድ በምሳር የሚመታ ማን ነው?

ከ1983 በኋላ ማኅበራት እንደገና ተነፈሱ። ለም ኢትዮጵያ መጣ፤ የቅርስ ባለአደራው ማኅበር በእንጦጦ ላይ የባሕር ዛፉን እየቀነሰ አገር በቀል ዛፍ መመለስ ጀመረ። የተፈጥሮ ጉዳይም ሕገ መንግሥት ውስጥ ገባ፤ አንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብትን ይናገራል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ አንድ አስገራሚ በር ከፈተ፦ ጥቅሜ ተነክቷል ማለት ሳያስፈልገው ማንም ሰው ስለ ብክለት አቤቱታ ማቅረብ፣ መፍትሔ ካጣም ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። አንድ የባለሙያዎች ማኅበር በዚህ በር ገብቶ ስለ አቃቂና ሞጆ ወንዞች ብክለት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከሰሰ። በፈረንጆቹ 2006 ክሱ ውድቅ ሆነ፤ መከሰስ ያለበት በካዩ እንጂ ተቆጣጣሪው አይደለም ተብሎ። የቦርዳችን ጠበቃ ይህን ጉዳይ በየስብሰባው ያነሣዋል፤ ሐጂ ደግሞ በየስብሰባው «ወንዙስ ንጹሕ ሆነ?» ብለው ይጠይቁታል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ገንዘቡ ከየት ነበር? ከውጭ ነዋ! መርካቶ ሳንቲም አልጠየቀውም፣ አልሰጠምም። ስለዚህ በ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 621 ሲወጣ ሁላችንም ራቁታችንን ታየን። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በመብትና በመሰል ጉዳዮች ላይ እንዳይሠራ ተከለከለ። ቀጥሎም የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ አይበልጥም የሚል መመሪያ መጣ። ሥራውን በቅርብ ለማያውቅ ሰው መመሪያው ደግ ይመስላል፤ የሥልጠናና የመጓጓዣ ወጪ ጭምር «አስተዳደር» ተብሎ ሲቆጠር ግን ነገሩ ወደ ቀልድ ተለወጠ። አዋጁ ክፉ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 መተካቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁሉንም ጥፋት በአዋጁ ላይ የሚደፈድፉ የማኅበር መሪዎችን ስሰማ አልስማማም። የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት በጃንሆይ ጊዜ ያ አዋጅ ቢወጣበት ኖሮ ላቡ እንኳ አይወጣም ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መርካቶ በእርግጥ ለተፈጥሮ ደንታ የለውም? እስቲ ምናለሽ ተራ ገብታችሁ እዩ። በርሜሉ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ አሮጌ ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል፤ የዘይት ቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ ይሆናል፤ ብሎኑ ከብሎን፣ ሽቦው ከሽቦ ተለይቶ ይሸጣል። በየመንደሩ «ቆራሊዮ!» እያለ የሚዞረው ልጅና ሴቶቹ የልዋጭ ነጋዴዎች ለዚህ ተራ የደም ሥር ናቸው። እነሱ ባይኖሩ ያ ሁሉ ብረትና ፕላስቲክ የት ነበር የሚሄደው? ረጲ፣ ቆሼ ላይ ነዋ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው የፈጀበት ቦታ። ምናለሽ ተራ ቦርድ የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ የአምስት ዓመት ስልታዊ ዕቅድ የለውም። እኛ ግን ሁሉም አለን።

በአንድ ነገር እንጠንቀቅ። ምናለሽ ተራን «አረንጓዴ» ብሎ ማሞካሸት አሁን አሁን ፋሽን ሆኗል። እነዚያ ልጆች ባትሪ የሚሰብሩት፣ ጎማ እያቃጠሉ ሽቦ የሚያወጡት ምድርን ለማዳን ሳይሆን ራት ለመብላት ነው፤ ጭሱን የሚስቡት እነሱ ናቸው። ለእነሱ ጓንት የገዛ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ስንት ነው?

ከሐጂ ጥያቄ በኋላ ቦርዳችን ያደረገው ለውጥ ትንሽ ነው። ደብዳቤውን ጣልነው። ሐጂ ራሳቸው መጀመሪያ ሰጡ፣ ቀጥሎም እያንዳንዳችን አወጣን፣ ስማችንና የሰጠነው ተጻፈ። ከዚያ ወደ ሱቆቹ ሳይሆን ወደ እድሮቹ ሄድን። ልመናችንም ተለወጠ፤ «ለተፈጥሮ» ማለት ትተን ለእድርተኛው መቃብር ቦታና ለትውልድ ቀዬው ምንጭ ዳር ችግኝ እንሰጣለን፣ እድሩ ጠባቂ ይመድባል፣ ስንት እንደጸደቀ በዓመት አንድ ጊዜ በእድሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል አልን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. መንግሥት በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን አስታውቆ ነበር፤ እኛ የምንቆጥረው በመቶዎች ነው፣ ግን በቁማቸው ያሉትን ነው። ዘበኛው ደመወዙን እያገኘ ነው። ሁለት እድሮች እምቢ አሉን፤ አንዱ «እኛ ሬሳ እንጂ ችግኝ አንቀብርም» አለ። ምን ትላለህ?

አሁን ያስቸገረን ፌስታል ነው። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን ፌስታል ከከለከለ ዓመታት ቢያልፉም መርካቶ ውስጥ ሲቸበቸብ ኖረ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው የፌስታልን ምርት፣ ሽያጭና አጠቃቀም የሚከለክል አዲስ ሕግ አጸደቀ። ከቦርዳችን ሁለት ነጋዴዎች አንዷ፣ እትዬ የምንላቸው፣ ፌስታል በጅምላ ያከፋፍሉ ነበር። ከመምህራኑ አንዱ «ይህች ሴት እዚህ መቀመጥ የለባቸውም» ብሎ ተነሣ። ምሳሌውም ደካማ አልነበረም፦ በ1889 እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ውስጥ ጥቂት ሴቶች ለወፎች ጥበቃ ሲሰባሰቡ የአባልነታቸው መመዘኛ የወፍ ላባ ያለበት ባርኔጣ አለማድረግ ነበር፤ ያ ማኅበር ዛሬ በአገሩ ታላቅ ሆኗል። እውነት ነው፤ ግን እነዚያ ወይዛዝርት ባርኔጣ አድራጊዎች እንጂ ባርኔጣ ሻጮች አልነበሩም። ፌስታልን ከመርካቶ የሚያወጣው ፌስታል የሚሸጠውን ሰው የሚያውቅ ነው፤ በዚህ እኔ ከእትዬ ጎን ነኝ። ጠበቃው ግን ከመምህሩ ጋር ቆመ፤ ድምፁም ሦስት ለሦስት ተከፈለ፣ እሳቸው ስለራሳቸው አልመርጥም ስላሉ። ነገሩ በቀጠሮ አደረ።

በቀጠሮው እሑድ እትዬ ሦስት ዓይነት የጨርቅ ከረጢት ይዘው መጡ፤ ሸማ ተራ ያሰፉት ነው። ዋጋውን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈዋል፣ ስለ መቀመጥ አለመቀመጣቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሐጂ አንዱን አንሥተው ማንጠልጠያውን ወዲህና ወዲያ ጎተቱትና «ይኼ አምስት ኪሎ ቡና አይችልም፤ ስፌቱ ይደገም» አሉ። እትዬ ከረጢቱን ተቀብለው መልሰው አጠፉት፤ እኛም ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፍን።